ጆይስ ሶምብሩክና ስምንቱ ሰከንዶች፦ የኔዘርላንድ ሆኪ ግብ ጠባቂ በምን ትለካለች?

በሪዮ ዴ ጄኔሮ ኦሎምፒክ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 2016 ምሽት፣ የኔዘርላንድ የሴቶች ሆኪ ቡድን ከታላቋ ብሪታንያ ጋር ለወርቅ ተጋጥሞ 3 ለ 3 ተለያየ፤ ከዚያም አንዲት አጥቂ ብቻዋን ከግብ ጠባቂዋ ጋር በምትፋለምበት የአንድ ለአንድ መለያ 2 ለ 0 ተሸነፈ። የኔዘርላንድን ግብ የጠበቀችው ጆይስ ሶምብሩክ ነበረች። የዚያን ምሽት ውጤት የመዘገበ ሰንጠረዥ ሁሉ ከስሟ ጎን የብር ሜዳልያ ጽፎ ያልፋል። ሰንጠረዡ የማይናገረው፣ ይህችው ግብ ጠባቂ ከሁለት ቀን በፊት በግማሽ ፍጻሜው ከጀርመን ጋር በተደረገ ተመሳሳይ መለያ ሦስት ግብ ተቆጥሮባት አሸናፊ ሆና መውጣቷን ነው። ሦስት በገባባት ቀን ቡድኗ ለፍጻሜ አለፈ፤ ሁለት በገባባት ቀን ወርቁ ከእጇ አመለጠ።

ይህን ታሪክ ዛሬ መልሶ ማንሳት ያስፈለገው ለትዝታ ብቻ አይደለም። በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ የኔዘርላንድ የወንዶች ቡድን ኦገስት 8፣ የሴቶቹ ቡድን ደግሞ በማግስቱ፣ ሁለቱም የፍጻሜ ጨዋታቸውን 1 ለ 1 ጨርሰው በአንድ ለአንድ መለያ 3 ለ 1 በማሸነፍ ወርቅ ወስደዋል። በአንድ ኦሎምፒክ የወንዶቹንም የሴቶቹንም የሆኪ ወርቅ ጠቅልሎ የወሰደ አገር ከዚያ በፊት አልነበረም። የዓለም ኃያሉ የሆኪ አገር ታላላቅ ቀኖች እንዲህ በግብ ጠባቂ እጅና እግር ላይ የሚወድቁ ከሆነ፣ ግብ ጠባቂን የምንመዝንበት ሚዛን ትክክል ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል። የእኔ መልስ ትክክል አይደለም የሚል ነው፤ ለዚህም ከሶምብሩክ የሚሻል ምስክር አላገኘሁም።

የሜዳ ሆኪ በአገራችን ብዙ ተከታይ የለውም። ሆኖም በገና ሰሞን በቆልማማ ዱላ ሩር ሲመታ ያየ ሰው የጨዋታውን መንፈስ ለመረዳት አይቸገርም። በእያንዳንዱ ወገን አሥራ አንድ ተጫዋቾች በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ይሰለፋሉ፤ ኳሱ ከ156 እስከ 163 ግራም የሚመዝን ጠንካራ ሉል ነው፤ ግቡ 3.66 ሜትር ስፋትና 2.14 ሜትር ቁመት አለው። ግብ የሚቆጠረው ኳሱ በግቡ ፊት ከተሠመረው ክብ መሰል ክልል ውስጥ በአጥቂ ዱላ ከተነካ ብቻ ነው። ኳሱን በእግሯና በመላ ሰውነቷ እንድትከላከል የተፈቀደላት ግብ ጠባቂዋ ብቻ ናት፤ እሱም በራሷ ክልል ውስጥ ሳለች ነው። ለዚህም ነው ከራስ ቁር እስከ ጫማ በወፍራም መከላከያ ተሸፋፍና፣ ከሌሎቹ ተጫዋቾች ፈጽሞ የተለየ ፍጡር መስላ የምትቆመው።

ኔዘርላንድ ውስጥ ይህ ጨዋታ የጥቂቶች አይደለም። በ1898 የተመሠረተው የአገሪቱ የሆኪ ፌዴሬሽን ሩብ ሚሊዮን ገደማ አባላት ያሉት ሲሆን፣ ቅዳሜና እሑድ የክለብ ሜዳዎች በሕፃናትና በወላጆች ይሞላሉ። ይሁን እንጂ ስፖርቱ እንደ እግር ኳስ ሀብታም የሚያደርግ ሙያ አልሆነም። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ከልምምድ ጎን ለጎን ይማራሉ ወይም ይሠራሉ። በ1990 በአልክማር ከተማ የተወለደችው ሶምብሩክም ለላረን ክለብ ስትጫወት አምስተርዳም በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ነበረች። ጠዋት ስለ ሰው አካል የምትማር፣ ማታ ደግሞ የራሷን አካል በኳስ ፊት የምትዘረጋ ወጣት ነበረች ማለት ነው፤ ይህ ገጠመኝ ወደ ኋላ ላይ ትርጉም ይኖረዋል።

የዋናው ቡድን ግብ ጠባቂ ሆና ለለንደን ኦሎምፒክ ስትሰለፍ ገና 21 ዓመቷ ነበር። ቡድኑ በ2008 ቤጂንግ ላይ ወርቅ የወሰደና በድጋሚ እንዲወስድ የሚጠበቅ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ኒውዚላንድ 2 ለ 2 አስጨንቃ ይዛው ወደ መለያ አመራች፤ ሶምብሩክ አንድ ብቻ ተቆጥሮባት ቡድኗ 3 ለ 1 አለፈ። በፍጻሜው አርጀንቲናን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ግቧን ሳታስደፍር ወጣች። ከሁለት ዓመት በኋላ የዓለም ዋንጫ በሄግ ሲካሄድ፣ በአገሯ ሕዝብ ፊት አውስትራሊያን በፍጻሜው 2 ለ 0 ረቱ፤ ያኔም ግቧ አልተደፈረም። ዓለም አቀፉ የሆኪ ፌዴሬሽን የ2014 እና የ2015 ምርጥ ግብ ጠባቂ ብሎ ሸለማት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እንደ ኔዘርላንድ ያለ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን ይዞ በተጋጣሚው ክልል ነው የሚያሳልፈው። ግብ ጠባቂዋ በአንድ ጨዋታ ውስጥ የሚገጥሟት ከባድ ሙከራዎች በጣት የሚቆጠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙ ኳስ የሚመታባት ግብ ጠባቂ ሰውነቷ ይሞቃል፣ ዓይኗ ይለምዳል፣ አንዱን ብትስት በሚቀጥለው ትክሳለች። ጥቂት የሚመጣባት ግን ሃያ ደቂቃ ያለ ሥራ ቆማ፣ ከዚያ በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ የሚችል የቅጣት ማዕዘን ምት (ተከላካዮች በግባቸው ክልል ሲያጠፉ ለአጥቂዎቹ የሚሰጥ ምት) ድንገት ይጠብቃታል፤ እሱን ከሳተች የምትክስበት ሌላ ዕድል ላይመጣ ይችላል። ተመልካቹ ዝምታዋን እረፍት ይመስለዋል። በእኔ አስተያየት ከሥራው ሁሉ አድካሚው ይህ ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከኋላ ሆና ተከላካዮቿን ስትጠራ፣ ማን ማንን እንደሚይዝ ስታዝ፣ ክፍተት ከመከፈቱ በፊት ስታስዘጋ የምትሠራው ሥራ በየትኛውም የቁጥር ሰንጠረዥ ላይ አይሰፍርም፤ በሚገባ ከሠራችው ኳሱ እሷ ዘንድ ስለማይደርስ ምንም እንዳልሠራች ትቆጠራለች።

ከዚያ የመለያው ሰዓት ይመጣል፤ ሥራውም ከሥሩ ይገለበጣል። በእግር ኳስ የምናውቀው መለያ ምት ኳሱ ቆሞ የሚመታበት ነው፤ ሆኪም በቀድሞው ዘመን እንዲሁ ነበር። ለምሳሌ በ2000 የሲድኒ ፍጻሜ የኔዘርላንድ ወንዶች ደቡብ ኮሪያን የረቱት በዚያ በድሮው ዓይነት ምት ነው። አሁን ግን ኳሱ ከግቡ 23 ሜትር ያህል በሚርቀው መስመር ላይ ይቀመጣል፤ ፊሽካ ሲነፋ አጥቂዋ ኳሱን እየገፋች ትነሳለች፣ ግብ ጠባቂዋም መስመሯን ለቃ ወደ ፊት ትሮጣለች። አጥቂዋ ያላት ጊዜ 8 ሰከንድ ነው። ግብ ጠባቂዋ አንዴ ኳሱን ብትመልስም ጉዳዩ አላለቀም፤ ሰዓቱ እስካላበቃና ኳሱ ከሜዳ እስካልወጣ ድረስ አጥቂዋ ደግማ ልትሞክር ትችላለች። በየወገኑ አምስት አምስት ሰዎች ይሞክራሉ።

ይህ ለውጥ ለግብ ጠባቂው ወገን ትልቅ ነገር ሰጥቷል። በቆመ ኳስ ምት ግብ ጠባቂ በመስመሯ ላይ ታስራ ግራ ወይም ቀኝ ከመገመት በቀር ብዙም ምርጫ የላትም። በአዲሱ ሥርዓት ግን ሰዓቱ የእሷ ወዳጅ ነው። በችኮላ ካልተጣለች፣ በእግሯ ቆማ አጥቂዋን ወደ ጠርዝ ከገፋቻት፣ በዱላዋ ጀርባ እንድትመታ ካስገደደቻት፣ ስምንቱ ሰከንድ ሳይታወቅ ያልቃል። የአንድ ለአንድ ጥበብ ኳስ ከመያዝ ይልቅ ጊዜ ማባከን ነው ቢባል ብዙ አልተሳሳተም። በአንጻሩ አንድ ወጥመድ አለ። ግብ ጠባቂዋ ሳታስብ አጥቂዋን ብታሰናክል ሙከራው ይደገማል፤ ሆን ብላ አጥፍታለች ከተባለ ግን የድሮው ዓይነት ፍጹም ቅጣት ምት ከ6.40 ሜትር ይሰጣል።

የሪዮውን ፍጻሜ በዚህ ዓይን መልሰን ብንመረምረው ምስሉ ይለወጣል። በዚያ መለያ ብሪታንያ ካገባቻቸው ሁለት ግቦች አንዱ ሄለን ሪቻርድሰን-ዎልሽ ያስቆጠረችው ፍጹም ቅጣት ምት ነው። በሩጫ የገባው ሆሊ ዌብ ወርቁን ያረጋገጠችበት አንድ ብቻ ነው። ከኒውዚላንድ ጋር አንድ ተቆጥሮባት፣ ከጀርመን ጋር ሦስት ተቆጥሮባት 4 ለ 3 ስታልፍ የነበረችው ሶምብሩክ፣ በፍጻሜውም ያው ነበረች። ልዩነቱ በሌላኛው ጫፍ ላይ ነበር፤ ከኔዘርላንድ በኩል የሞከሩት አራቱም ተጫዋቾች አላስቆጠሩም። ማንኛዋም ግብ ጠባቂ፣ በዓለም ላይ ምርጧም ብትሆን፣ ባልደረቦቿ ዜሮ ሲያገቡ መለያ ልታሸንፍ አትችልም። ለፍጹም ቅጣት ምቱ መንስኤ የሆነው ጥፋት የእሷ ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ነገር ግን ያ ምት ባይኖርም ኔዘርላንድ አንድም ግብ አልነበራትም።

በሌላኛው ጫፍ የቆመችው የብሪታንያ ግብ ጠባቂ ማዲ ሂንች ነበረች። ሂንች ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት በትንሽ ማስታወሻ ደብተር ላይ የጻፈችውን ታነብብ ነበር፤ በደብተሩ የተጻፈው እያንዳንዷ የኔዘርላንድ አጥቂ ወደ የት እንደምታደላ የሚገልጽ ጥናት ነው። ጉዳዩ ድንገተኛም አልነበረም። ከአንድ ዓመት በፊት በ2015 የአውሮፓ ሻምፒዮና ፍጻሜ እንግሊዝ ኔዘርላንድን በመለያ 3 ለ 1 ስትረታ ግቧን የጠበቀችው ራሷ ሂንች ነበረች። ማለትም የኔዘርላንድ አጥቂዎች በሪዮ የገጠሟት ግብ ጠባቂ እነሱን አስቀድማ የምታውቃቸው ሴት ነበረች። በዓለም ላይ ስመ ጥር የሆኑ አጥቂዎች ልምዳቸው በቪዲዮ የተመዘገበ በመሆኑ፣ ዝናቸው በመለያ ሰዓት ዕዳ ይሆንባቸዋል። የዓመቱ ምርጥ ግብ ጠባቂ ሽልማት በ2016 ከሶምብሩክ ወደ ሂንች ተሻገረ፤ ሂንችም ከሪዮ በኋላ በኔዘርላንድ ሊግ ለመጫወት ወደዚያው አገር አቀናች። ያሸነፈቻቸው ሰዎች አገር የጨዋታው ማዕከል ስለሆነ የሚገርም አይደለም፤ ለእኔ ግን ሁሌም ፈገግ የሚያሰኘኝ ነገር ነው።

ለሶምብሩክ ካሣ የሚሆን ሌላ ኦሎምፒክ አልመጣም። በዳሌዋ መገጣጠሚያ ላይ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚያደርገው ለስላሳ ሽፋን በመበላቱ፣ ከሪዮ በኋላ በ26 ዓመቷ ከስፖርቱ ተሰናበተች። ግብ ጠባቂዎች ብዙውን ጊዜ ከሌሎች ተጫዋቾች ዘግይተው ነው የሚበስሉት፤ ቦታን የማንበብና ተከላካይን የማዘዝ ችሎታ በዕድሜ የሚመጣ ስለሆነ፣ ሠላሳን አልፈው በብሔራዊ ቡድን የሚቆዩ ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ በ26 ዓመት መሰናበት ለአጥቂ ከሚሆነው በላይ ለግብ ጠባቂ መራራ ነው፤ ሁለት የዓለም ምርጥነት ሽልማት ይዛ የሄደችው ሙያው ገና ፍሬውን ሊሰጣት በተቃረበበት ሰዓት ነው።

የአንድ ሰው የመገጣጠሚያ ሕመም ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን የሥራው ባሕርይ ዳሌን እንደሚፈትን ግልጽ ነው። ግብ ጠባቂዋ ጉልበቷን አጥፋ ዝቅ ብላ ትቆማለች፤ ዝቅተኛ ኳስ ሲመጣ አንዱን እግሯን ወደ ጎን በኃይል ትዘረጋለች፤ በመከላከያ ተጭኖ የከበደው እግር ሲወረወር ክብደቱን የሚሸከመው ዳሌው ነው፤ ከዚያ ተነስታ ለሁለተኛው ሙከራ ትዘጋጃለች። ይህ በጨዋታ ላይ ጥቂት ጊዜ፣ በልምምድ ላይ ግን በየሳምንቱ በብዙ መቶዎች ይደጋገማል። በበረዶ ሆኪ ግብ ጠባቂዎች ዘንድ የዳሌ ጉዳት የታወቀ የሙያ በሽታ ነው። በልጅነት፣ አጥንት ገና በማደግ ላይ ሳለ፣ ስንት ዝርጋታ ይበዛል የሚለውን ጥያቄ የክለብ አሠልጣኞች ኳስ ለማዳን ከሚደረግ ዝላይ ውበት አስበልጠው ሊያዩት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ሶምብሩክ ስፖርቱን ስትተው የጀመረችው ሕክምና ይጠብቃት ነበር። ሁለተኛ ሙያ ያልያዘ ሌላ ተጫዋች በዚያ ዕድሜ ምን ይሆን ነበር የሚለው፣ ኔዘርላንድ ተጫዋቾቿን ከትምህርት ሳታፋታ የማቆየት ልማዷ ለምን እንደሚጠቅም ያሳያል።

ከእሷ በኋላ ግቡ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ አልተጣለም። አነ ፌይነንዳልና ዮሲነ ኮኒንግ ለዓመታት ተፈራርቀው ጠብቀዋል። በ2018 የዓለም ዋንጫ ፌይነንዳል፣ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ኮኒንግ፣ በፓሪስ ፍጻሜ ደግሞ እንደገና ፌይነንዳል ቆማለች። ቡድኑ በ2008፣ በ2012፣ በቶኪዮና በ2024 ወርቅ ወስዷል፤ ከአምስት ተከታታይ ኦሎምፒኮች ወርቅ ያመለጠው በሪዮ ብቻ ነው። ሶምብሩክን የሚያስታውሷት ብዙዎች የሚያነሱት ይህንኑ አንዱን ክፍተት መሆኑ ነው ሚዛኑ የተጣመመ ነው ያሰኘኝ።

የፓሪስ ፍጻሜ ለዚህ ታሪክ እንግዳ የሆነ መደጋገም አለው። ቻይና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አግብታ እስከ አራተኛው ሩብ ድረስ ስትመራ ቆየች። የቻይና አሠልጣኝ አሊሰን አናን ነበረች፤ ይህች አውስትራሊያዊት በሪዮ ሶምብሩክና ባልደረቦቿ በመለያ ሲሸነፉ የኔዘርላንድ አሠልጣኝ፣ በቶኪዮ ደግሞ ወርቅ ያስገኘች ሴት ናት። ለኔዘርላንድ አቻ ያደረገችውን ግብ በቅጣት ማዕዘን ያስቆጠረችው ይቢ ያንሰን ስትሆን፣ አባቷ ሮናልድ ያንሰን በ1996 እና በ2000 የኔዘርላንድ ወንዶች የኦሎምፒክ ወርቅ ሲወስዱ የቡድኑ ግብ ጠባቂ የነበረ ሰው ነው። የግብ ጠባቂ ልጅ ኳስ በመምታት ቡድኗን ከሽንፈት አድና ወደ መለያ አሻገረችው፤ መለያውን ደግሞ ሌላ ግብ ጠባቂ ዘጋችው። አናን በስምንት ዓመት ውስጥ ሁለት የኦሎምፒክ ፍጻሜ በመለያ ተሸነፈች፣ አንዱን ከኔዘርላንድ ጋር ሆና፣ ሌላውን በኔዘርላንድ ላይ ቆማ።

በወንዶቹም በኩል የፒርሚን ብላክ ጉዞ ተመሳሳይ ነው። በ2018 የዓለም ዋንጫ በሕንድ ቡባኔሽዋር ቡድኑ በግማሽ ፍጻሜው አውስትራሊያን በመለያ ረታ፤ በማግስቱ በፍጻሜው በመለያ ለቤልጂየም ተሸነፈ። በቶኪዮ ሩብ ፍጻሜ ከአውስትራሊያ ጋር፣ በ2023 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደግሞ እንደገና ከቤልጂየም ጋር ቡድኑ በመለያ ወደቀ። ብላክ በ2023 የዓመቱ ምርጥ ግብ ጠባቂ ተብሎ የተሸለመው ያን ሁሉ ሽንፈት ተሸክሞ ነው። በፓሪስ በ36 ዓመቱ ጀርመንን በመለያ አሸንፎ ከብሔራዊ ቡድኑ ተሰናበተ። ብላክ ያገኘውና ሶምብሩክ ያጣችው ነገር ጊዜ ነው፤ እሱ ለካሣው ስድስት ዓመት ጠብቆ አገኘው፣ እሷን ዳሌዋ አላስጠበቃትም።

ሽልማቶቹን ስናይ የሚዛኑ መዛባት ይበልጥ ይታያል። ከ2021 እስከ 2023 የሴቶቹን ምርጥ ግብ ጠባቂ ሽልማት በተከታታይ የወሰደችው ብዙ ኳስ የሚመታባት የሕንድ ቡድን ግብ ጠባቂ ሳቪታ ናት። በ2024 የተሸለመችው ደግሞ በፓሪስ ፍጻሜ በመለያ የተሸነፈችው የቻይናዋ ዬ ጂያው ነበረች። በ2016 ሽልማቱ መለያውን ያሸነፈችውን ተከትሎ ሄዶ ነበር፤ በ2024 መራጮቹ ከስምንቱ ሰከንድ ባሻገር ያለውን ለማየት ፈቃደኞች ሆነዋል። በዚያው ዓመት የኦሎምፒክ ወርቅ በአንገቷ ያጠለቀችው ፌይነንዳል እስከዚያ ድረስ ይህን ሽልማት አንድም ጊዜ አልተቀበለችም።